አረጋውያንን ማክበር ማስቀመጥ ብቻ አይደለም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት፥ ሸክም ከእጁ መቀበል መልካም ልማዳችን ነው። ነገር ግን አረጋዊ ሰው «እርስዎ ይረፉ» እየተባለ ከጧት እስከ ማታ ከተቀመጠ፥ ያልሠራ ጡንቻ ይደክማል፤ እግር ሚዛኑን ያጣል፤ መውደቅም ይከተላል። ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይራመድም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፥ ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድም በሳምንት 3 ቀን እንዲጨምሩ ይመክራል። ይህም በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ፤ ከወንበር ተነሥቶ መልሶ መቀመጥ፤ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

የሚጠይቀው ጓደኛ ነው፤ ለብቻ የጀመሩት ነገር ቶሎ ይሰለቻል። ለዚህም እድር አለን። በእድር ለቀብር የሚጠራራ ሰው ለእግር ጉዞስ ለምን አይጠራራም? ቦታውም አይቸግርም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፥ ዋና ጎዳና እንኳ ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ተለቅቆ ለእግረኛ ተሰጥቷል። ሜዳማ ከጎዳና ይቀላል።

ስለዚህ የምንለምነው ይህን ነው፤ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ቅዳሜ ጧት ለሰፈሩ አረጋውያን ይከፈት። የእድር ዳኞች ይጥሩልን፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ልምምዱን ይምሩልን፤ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። እኛም ክንዳቸውን ደግፈን አብረን እንራመዳለን። እጃችንን ይዘው «ወፌ ቆመች» ያሉን እነርሱ ናቸው፤ ዛሬ ተራው የኛ ነው።