ክኒኑ፣ ፀሐይዋና የቤት ገበታ
(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







አንድ አርሶ አደር አዲስ ማዳበሪያ ሲመጣለት ማሳውን ለሁለት ከፍሎ ይሞክራል። በአንዱ ማዳበሪያውን ይጨምራል፤ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል። ምርት ሲሰበሰብ ሁለቱን ያመዛዝናል። ጥቅም ካገኘበት ይቀበለዋል፤ ካላገኘበትም ለጎረቤቱ እውነቱን ይነግራል። የጥሩ ተመራማሪ ሥራም ይኸው ነው።

ለዚህ አስረጅ የሚሆኑት በአሜሪካ የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የሆኑት ዶክተር ጆአን ማንሰን ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በአመጋገብ፣ በአጥንት ጤንነትና በካንሰር ዙሪያ በርካታ የምርምር ጽሑፎች አሳትመዋል።

ከዋና ተመራማሪዎቹ አንዷ በሆኑበት የሴቶች ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 36,282 ሴቶች በካልሲየምና በቫይታሚን ዲ ሙከራ ተሳትፈዋል። ግማሾቹ እውነተኛውን ክኒን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ ክኒን ለ7 ዓመታት ያህል ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት የዳሌ አጥንት ጥንካሬ በመጠኑ ቢሻሻልም፣ ስብራቱም ሆነ የትልቁ አንጀት ካንሰር በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም። በአንጻሩ የኩላሊት ጠጠር ጨመረ።

ቀጥሎ በእርሳቸው መሪነት በተካሄደው ቫይታል በተባለው ጥናት 25,871 ሰዎች ከ5 ዓመት በላይ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት ቫይታሚን ዲ ከወሰዱት 793፣ ካልወሰዱት ደግሞ 824 ሰዎች በካንሰር ተይዘዋል። በ2022 በወጣው ጽሑፍ አጥንታቸው የተሰበረው ከወሰዱት 769፣ ካልወሰዱት 782 ነበሩ። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚም ይመጣል። ተስፋ የተጣለበት ነገር እንዳልሠራ ሳይደበቅ ታተመ፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ቫይታሚን ዲ ጥቅም የለውም ማለት ነውን? አይደለም። እነዚያ ሰዎች እጥረት አለባቸው ተብለው የተመረጡ አልነበሩም። ንጥረ ነገር ላልጎደለው መሬት ማዳበሪያ ቢጨመርለት ምርቱ አይጨምርም፤ የጎደለው መሬት ግን ያለሱ አይሆንም።

በሀገራችን የታየው ይህንኑ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት አለ። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ የተባለው የአጥንት በሽታ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን እንደልቡ መተንፈስ ይሳነዋል።

ፀሐይ በሞላባት ሀገር ይህ መሆኑ ያሳዝናል። ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ያገኘዋል ተብሎ ሕፃኑ ተሸፋፍኖ ጓዳ ይቀመጣል። ላሚቱ የሰጠችው ወተትም እስከ መጨረሻው ጠብታ ለገበያ ይወጣል።

ስለዚህ የዩኒየኑ አባላት ሕፃናትን የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ፣ ከሚሸጠው ወተት ለልጆች ማስቀረት፣ ጎመኑንና ጤፉን ከገበታ አለማራቅ ይጠበቅባቸዋል። ክኒን የሚገዛው የጤና ባለሙያ ሲያዝ ነው። የወረዳ ኃላፊዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህን ትምህርት ከየቀበሌው ስብሰባ ጋር አያይዘው ቢያዳርሱት፣ የዩኒየኑ ትርፍ በልጆች አጥንት ላይም ይታያል።

መልካም በዓል!