የእድራችን ላፕቶፕ በተበላሸ ጊዜ ያየነውና የተማርነው

(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጽሕፈት ክፍል የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ነፍስ ይማርልን እያልን፣ እኛንም ለዚህ ቀን ላደረሰን ፈጣሪ ምስጋና እናቀርባለን።

ዛሬ እንድንናገር የታዘዝነው ስለ እድሩ ላፕቶፕ ነው። እኛ የኮምፒዩተር ምሁር አይደለንም። ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስንደረድርና በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ደብዳቤ ስንመታ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የደረሰው በእኛ እጅ ስለ ሆነ፣ ሌላ ሰው በየለቅሶ ቤቱ ከሚያወራላችሁ እኛው ብንነግራችሁ ይሻላል ብለን ቀርበናል።

እንደሚታወቀው ላፕቶፑን በ2012 ዓ.ም. የሰጠችን በውጭ አገር የምትኖር የአንድ አባላችን ልጅ ናት። ያን ጊዜም አዲስ አልነበረም። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ቻርጀሩ ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ይላል። ቢሆንም የአባላትን ስም፣ የቤተሰብ ዝርዝር፣ ወርኃዊ መዋጮውን፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ገቢና ወጪ በደህና ይዞልን ነበር። በዚህም ተመክተን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ «ከእንግዲህ በወረቀት መዝገብ መድከም ለምኑ?» ብለን ትልቁን መዝገብ ዘጋነው። ይህን ሐሳብ ያቀረበው ሌላ ማንም አይደለም፣ እኛው ነን።

በዚያው ሰሞን በክልላችን ኢንተርኔት ተቋረጠና ብዙ ወራት ቆየ። ከተመለሰም በኋላ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት የማገናኘት ልማድ ስላልነበረን ሳይታደስ ከረመ። አፕዴት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አባሎቻችን ለማስረዳት ያህል፣ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ጉድለቱ እየታየ በየጊዜው ይታረማል፤ እርማቱም በኢንተርኔት ይመጣና አሮጌውን እያነሣ አዲሱን ይተካል። ሥራው የሣር ክዳን እንደ መቀየር ነው። አሮጌው ሣር ወርዶ አዲሱ ሳይወጣ ዝናብ ከደረሰ ቤቱ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል።

የእኛም ነገር እንደዚሁ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር አንድ ቀን ማታ ለኦዲተሮቹ ሒሳብ እንልክ ብለን ላፕቶፑን ከስልክ ኢንተርኔት ጋር አገናኘነው። ሥራችንን ጨርሰን ስናጠፋው «አፕዴት አድርግና አጥፋ» የሚለውን ተጫንን። ውጭ ዝናቡ ከነነጐድጓዱ ይወርዳል። «ኮምፒዩተሩን አታጥፉ» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ከመቶ ስንት እንደ ደረሰ እየቆጠረ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪ የለው፣ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ። ምን ይደረግ፣ ነገ ይነሣል ብለን ተኛን።

በማግሥቱ ጠዋት ስናበራው ነጥቦቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፤ ከዚያ ራሱን ሊጠግን እንደ ሆነ የሚናገር ጽሑፍ ይመጣል፤ ደግሞ ይጠፋና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እኛም እያጠፋን እያበራን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምነው። ይኸ ስሕተት እንደ ነበር ኋላ ተነገረን።

ገና ከዚያ ሳንነሣ የጡሩምባ ድምፅ ሰማን። አንድ ነባር አባላችን አርፈዋል። ድንኳኑና ወንበሩ ወዲያው ሄደ፤ በዚህ በኩል ችግር አልነበረም። ችግሩ ገንዘቡ ላይ መጣ። ደንባችን የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት አባል ውዝፉ ሳይጣራ እንዳይከፈለው ያዛል። የዘጋነውን የወረቀት መዝገብ አውጥተን ብናይ ሟቹ የሰባት ወር ውዝፍ እንዳለባቸው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ከፍለው እንደ ሆነ የሚያውቀው ላፕቶፑ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ነጥብ ያዞራል። የደረሰኝ ጉርዶቹ በገንዘብ ያዣችን ሣጥን ተቆልፎባቸው ነበር፤ ገንዘብ ያዣችንም ለሕክምና ባሕር ዳር ሄደው ነበር። ኮሚቴው ተከራከረ፤ በመጨረሻም ሒሳቡ እስኪጣራ ይቆይ ተባለ። ይህንንም ሄደን ለባለቤታቸው የነገርን እኛው ነን።

እሳቸውም ካረፉበት ፍራሽ ቀና ብለው፣ «አያ፣ ባለቤቴ የከፈለው ለናንተ ነው እንጂ ለመኪናው ነው እንዴ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በሠልስቱ ዕለት ደረሰኞቹን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልን። አንድም ወር አልጐደለም። ገንዘቡ በዚያው ቀን ተከፈለ፤ ነገር ግን አንድ የኀዘን ቤት ሦስት ቀን ሙሉ በእኛ ምክንያት በተጠርጣሪነት ዓይን ታይቷል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እኒያን እናታችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። መጀመሪያ የወሰድንበት ጥገና ቤት «ፎርማት ካልተደረገ አይነሣም፤ ውስጡ ያለው ይጠፋል» አለን። ልንስማማ ምንም ያህል አልቀረንም ነበር። የአንድ አባላችን የልጅ ልጅ፣ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት፣ ይህን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «አባባ፣ ከእንግዲህ አይንኩት። የተበላሸው ማስነሻው እንጂ መዝገቡ አይመስለኝም» አለን።

ይህ አነጋገር ትልቅ ነገር አስተማረን። በላፕቶፑ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ዊንዶውስ የሚባለው አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው እኛ የጻፍነው መዝገብ ነው። አስተዳዳሪው ቢሞት በሌላ ይተካል። መዝገቡ ከጠፋ ግን ከየትም አይገዛም። ቤተ ክርስቲያን እሳት ቢነሣ አስቀድሞ ታቦቱ ይወጣል እንጂ ክዳኑን የሚጠግን የለም። እኛ ግን ታቦቱን ትተን ክዳን ስንጠግን ነበር።

ወጣቱ ያደረገውን በቅደም ተከተል እንናገር፤ ለሌላውም ይጠቅማል። በመጀመሪያ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ አዘጋጀ። ላፕቶፑ ከታመመው ዊንዶውስ ሳይሆን ከፍላሹ እንዲነሣ አደረገው። በዚህ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ተከፈተና የእድሩ ፋይሎች ሁሉ እንዳሉ ታዩ። እልል ልንል ምንም አልቀረንም። እሱ ግን ሳይቸኩል በሁለት ፍላሽ ገለበጣቸው፤ ቅጂዎቹንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ አረጋገጠ። ሃርድ ዲስኩ የተቈለፈ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር የሚባል ቊልፍ አለ፤ መክፈቻው 48 አሐዝ ነው። አሐዙን ጽፎ ያላስቀመጠ ሰው የገዛ ንብረቱን ማየት አይችልም።

ከዚህ በኋላ ነው ጥገናው የተጀመረው። ዊንዶውስ ራሱ የመጠገኛ ገጽ አለው፤ በዚያ ላይ ማስነሻውን መጠገን፣ የመጨረሻውን አፕዴት ማውጣት፣ ወደ ቀድሞ ሁኔታ መመለስ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ይሠራል፤ በእኛ ላይ አንዳቸውም አልሠሩም። ስለዚህ ዊንዶውሱ ከነጭራሹ እንደ አዲስ ተጫነ። መዝገቡ በእጃችን ስለ ነበር አልደነገጥንም።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ማይክሮሶፍት የላከው የዊንዶውስ 10 ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድ ደምስሶ ተገኘና፣ ኩባንያው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቁሞ ካስተካከለ በኋላ ነው እንደገና የላከው። እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 12 ቀን ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት የላከው ስሕተት ያለበት ፋይል በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ታወኩ። በብዙ ቦታም ባለሙያ በየኮምፒዩተሩ እየሄደ ያንን ፋይል በእጁ መሰረዝ ነበረበት። በታላላቆቹ ላይ የደረሰው በእኛ ላይ ቢደርስ አያስገርምም። ልዩነቱ የተዘጋጀና ያልተዘጋጀ መሆን ነው።

ላፕቶፑ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀን። በ1990ዎቹ በአንድ ጽሕፈት ቤት ያስጻፍነውን የሟች አባላት ዝርዝር ስንከፍተው ፊደሉ አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ነጥብ የተደባለቀበት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ እዚህ ላይ እንባ ተናነቀን። የአባቶቻችን ስም ጠፋ ብለን ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በዚያን ዘመን የአማርኛ ፊደል ሠሪዎች እያንዳንዳቸው የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በየራሳቸው አሰላለፍ ይደረድሩት ነበር። በዚያ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ አይነበብም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ስምምነት ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዛሬ በዘመናዊ ስልኮች ይነበባል። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ሲጫን ያ አሮጌ ፊደል አብሮ ሄዶ ኖሯል። በከተማችን የጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጥ አንዲት እኅታችን በአሮጌ ኮምፒዩተሯ ላይ አግኝታ ሰጠችን። ፊደሉ በተጫነ ጊዜ ስሞቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ የአባታቸውን ስም በጣታቸው ነክተው «ይኸው፣ አለ» አሉ። ዝርዝሩን አሁን ወጣቶቻችን በዩኒኮድ መልሰው ጽፈውታል፤ ታትሞም በመዝገብ ቤት ተቀምጧል።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ የተዘጋው የወረቀት መዝገብ ይከፈት። መዋጮ በወረቀትም በላፕቶፕም ይመዝገብ። ድካም ነው፣ እናውቃለን፤ ነገር ግን ወረቀት መብራት አይፈልግም።

2ኛ/ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንደኛው በሰብሳቢው፣ ሁለተኛው በገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጥ። ቅጂው ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ፤ ያልተከፈተ ቅጂ እንዳለ አይቈጠርም።

3ኛ/ የይለፍ ቃሉና ማናቸውም የመክፈቻ አሐዝ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ በሰብሳቢው እጅ ይቀመጥ። ጸሐፊውም ሰው ነው፤ ይሞታል።

4ኛ/ አፕዴት የሚደረገው ቅጂ ከተያዘ በኋላ፣ በቀን፣ ዝናብና ነጐድጓድ በሌለበት ይሁን። ለላፕቶፑም ባትሪ ይገዛለት። ትልቅ አፕዴት ገብቶ ካስቸገረ ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 10 ቀን ስለ ሆነ፣ ችግር ሲታይ በቶሎ ለወጣቶቹ ይነገር።

5ኛ/ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ የእኛ አሮጌ ላፕቶፕ አይችለውም። ወጣቶቹ ያቀረቡት ሐሳብ ሊኑክስ ይጫንበት የሚል ነው፤ ክፍያ የለውም፣ መዝገባችንንም ይከፍታል። አዲስ ይገዛ የሚል ቢኖርም ጉባኤው ይወስን። በበኩላችን አሮጌውን እየጠገንን ገንዘቡን ለድንኳን ብናውለው ደስ ይለናል።

6ኛ/ ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መዝገብ ቢጠፋ ወይም ቢያጠራጥር ጥርጣሬው ለኀዘንተኛው ወገን ይሁን። አስቀድሞ ይከፈል፣ ኋላ ይጣራ። ገንዘብ ይመለሳል፤ በሰው ኀዘን ላይ የተጨመረ ኀፍረት ግን አይመለስም።

እድራችን የተቋቋመው ሰው ሲወድቅ ለማንሣት ነው። መዝገብም ላፕቶፕም ለዚሁ አገልጋይ ናቸው። ያን ሰኔ ይህን ለጥቂት ቀን ረስተነው ነበር፤ ዳግመኛ እንዳንረሳው እናንተም አስታውሱን።

ላገዙን ወጣቶች ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በሰላም ለከርሞ ያድርሰን።