የማታው ትምህርት ቤታችን ታሪክ ተረስቶ እንዳይቀር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አጥርና ደወል ያለው ግቢ ነው። ዛሬ የምናነሳው ግን አጥርም ደወልም ስላልነበረው ትምህርት ቤት፣ ስለ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። ብዙዎቻችን እዚያ የገባነው በእናቶቻችን ጀርባ ታዝለን ነው።

ዘመቻው የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ዲላ ያን ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ በጌዴኦ አውራጃ ነበረች። ተማሪውና መምህሩ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ዘምቶ አዋቂዎችን ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት አስተማረ። ትምህርቱ መጀመሪያ በ5 ቋንቋዎች፣ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ከ15ቱ አንዱ ጌዴኦኛ ነው። በፈረንጆች 1980 ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራዋ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሁሉም ወዶ የሄደ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ቡና ሲለቅም ወይም እንሰት ሲፍቅ ውሎ የደከመ ሰው፣ ቀበሌ እንዳይቀጣው ብሎ የተቀመጠም ነበር። ቢሆንም ከመካከላችን የአንዷ እናት ሁልጊዜ የምትለው አለ፦ ዕድር ስትከፍል ጣቷን ቀለም መንከር ትታ ስሟን በእጇ የጻፈች ዕለት፣ እንደ ገና የተወለደች መስሏት ነበር።

አሁን አንድ ነገር ያሳስበናል። ያኔ ጌዴኦኛ የተጻፈው በፊደል ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ልጆቻችን በላቲን ይማሩታል። አያትየው የልጅ ልጇን ደብተር ብታይ አታነበውም፤ ልጁም የእሷን መጽሐፍ አያውቀውም። ቋንቋው ግን ያው አንድ ነው! ያኔ የ25 ዓመት ወጣት የነበሩት ዛሬ 70ን አልፈዋል። ምስክር ወረቀታቸውን ጣሪያ እያፈሰሰበት፣ አይጥ እየበላው ነው።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎናል። እነዚያን ትክል ድንጋዮች ያቆሙት ሰዎች ስም ግን የለንም፤ ማን ጻፈልን? የእናቶቻችን ስም ግን በገዛ እጃቸው ተጽፎ በየቤቱ አለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችን ላይ የመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ፣ ደብተር ወይም ምስክር ወረቀት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ማኅበሩ በስልክ ፎቶ አንስቶ ወዲያው ይመልስላችኋል፤ ወረቀታችሁን አንወስድም። የተማራችሁበትን ቦታና ዘመን በመዝገብ እናሰፍራለን። ወረቀቱ የጠፋበትም ይምጣ፤ ቃሉ ይበቃናል። ልጆችም ይምጡ። አያት በፊደል ታንብብ፣ ልጅ በላቲን ይጻፍ፤ ሁለቱ ተያይዘው ያቺን ትምህርት ቤት እንደ ገና ይክፈቷት።



የማኅበሩ ጸሐፊ