ድንኳኑ ሳይነሣ የሚፈረም ወረቀት

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለ ውርስ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ስለ ቁጠባና ብድር ተነጋግረን ልንጨርስ ስንል፣ ከመካከላችን አንዷ «ቆጥበን የሠራነውን ቤት ባል ሲሞት ማን ይወስደዋል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ቡናው እስኪቀዘቅዝ አከራከረን። ገሚሶቻችን ሚስት ትወርሳለች አልን፤ ገሚሶቻችን የልጆች ነው አልን። አንዲት እናታችን ግን «እኔ ያየሁት የባል ወንድሞች ሲወስዱት ነው» አሉ። የዛሬው ንግግር የተዘጋጀው ለዚያ ጥያቄ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስትን ያለ ኑዛዜ አንዱ የሌላው ወራሽ አያደርጋቸውም። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ደንግጠናል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። በትዳር ውስጥ ከተፈራው የጋራ ንብረት ግማሹ የሚስት ነው፤ ከባሏ የወረሰችው ሳይሆን ድሮም የራሷ የሆነ ነው። ለውርስ የሚቀርበው የሟቹ ግማሽና የግል ንብረቱ ነው። እርሱም ለልጆች፣ ለሴቷም ለወንዱም፣ በትዳር ለተወለደውም ከትዳር ውጭ ለተወለደውም እኩል ይከፈላል። ልጅ ባለበት ቤት የባል ወንድም በኑዛዜ ካልተሰጠው በቀር ድርሻ የለውም።

ታዲያ እናታችን ያዩት ከየት መጣ? እኛ አርሲዎች ለመልሱ ሩቅ አንሄድም። ኦሮምኛ የምትናገሩ እህቶች እንደምታውቁት «ዻላ» የምንለው ቃል የንብረት ውርስም ነው፣ የሟች ወንድም ሚስቱን የሚወስድበት ልማድም ነው። ሴቲቱ ከከብቱና ከመሬቱ ጋር አብራ ትወረስ ነበር ማለት ነው። ሴት ልጅም ወደ ሰው ቤት የምትሄድ ናትና ከአባቷ መሬት አትካፈልም ነበር። በሰሜኑ፣ በጎጃምና በጎንደር፣ ርስት ለሴት ልጅም ይደርስ ስለነበር ከዚያ ወገን የመጡ ጎረቤቶቻችን ይህ ሲነገራቸው ይገረማሉ። ሲንቄያችን፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር፣ ክብራችንን ጠብቃልናለች፤ ሴት ስትበደል ጎረቤቱን ሁሉ ታስነሣለች። መሬት ግን አላካፈለችንም። ይህን ስንል ባህላችንን ለማራከስ አይደለም፤ የጎደለውን የጎደለ ለማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በጾታ ሳይለይ መሬት ለሚያርስ ይሰጥ አለ። መሬቱን ማውረስን ከልክሎ፣ ባለይዞታው ሲሞት ግን የትዳር ጓደኛውና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ እየተጠቀሙበት እንዲቀጥሉ ፈቀደ። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአባወራው ስም ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምም በውርስም እኩል ናቸው ብሎ ጻፈ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 ደግሞ የጋራ ይዞታ ባለበት ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲሆን አዘዘ።

ይህ የስም ጉዳይ ምን እንደሚሠራ ከሳጉሬ በኩል የመጣች አባላችን ታሪክ ያሳያል። ባሏ የሞተው ገብስ በሚታጨድበት ወቅት ነው። በሠልስቱ ዕለት ወንድሞቹ «ሰው ይበዛል፣ ደብተሩ እንዳይጠፋ እኛ ጋ ይቀመጥ» አሏት። እሷም አመስግና ሰጠች። ጥቂት ወራት ሳይቆይ መሬቱ ትራክተር ላለው ሰው ተከራይቶ አገኘችው። ስትጠይቅ «ከወንድማችን ቤት መኖር ከፈለግሽ ታናሹ አለ» ተባለች። አልፈልግም አለች። ደብተሩን የያዘ መሬቱን የያዘ ይመስላት ስለነበር ለወራት ዝም ብላ አለቀሰች። በኋላ ከማኅበራችን ሁለት ሴቶች ይዘዋት ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ መዝገቡ ላይ ስሟ ከባሏ ስም ጎን ተጽፎ ተገኘ። ወረቀቱ ሰው እጅ ቢገባም መዝገቡ አልተነካም። መሬቱን እስክታስመልስ ግን የሁለት ዓመት አዝመራ አለፈ፤ ትልቁ ልጇም ትምህርቱን አቋረጠ። ዛሬ ገብሷን ራሷ ትዘራለች። ልጁ ግን ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ዘመን መበለት ከባሏ መሬት የሚደርሳት የሲሶው መጠቀሚያ ብቻ ነበር፤ እሱም በሕይወት እስካለች ድረስ ነው። በቨርጂኒያ ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው መሬት ለበኩር ወንድ ልጁ ይሄድ ነበር። በማሳቹሴትስም በኩሩ እጥፍ ይወስድ ነበር። ኑዛዜዎቹ እናት የትኛው ክፍል ውስጥ እንደምትኖር ሳይቀር ይዘረዝራሉ። የእኛ ሽማግሌዎችስ «ለእናት አንድ ክፍልና አንዲት ላም» ሲሉ ስንቴ ሰምተናል?

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ፍርድ ቤት ከምንሸነፈው ይልቅ ለቅሶ ቤት የምንሸነፈው ይበዛል። እዚሁ አሰላ ከተማ አራት እህትና ሁለት ወንድም የሆኑ ቤተሰብ አሉ። አባታቸው ሲሞቱ የእድሩ ድንኳን ሳይነሣ «ጥሩ እህት ከወንድሟ አትካፈልም» ተብሎ ወረቀት መጣ። ሦስቱ ፈረሙ። አራተኛዋ ዓረብ አገር ነበረች። ግቢው ውስጥ ያለው ሰርቪስ ቤት የተሠራው እሷ በላከችው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ግን በወንድሟ ስም ይላክ ነበር፣ ቤቱም በአባቷ ስም ነው። ተመልሳ ድርሻዋን ስትጠይቅ እህቶቿ ሳይቀሩ አኮረፏት። ጉዳዩ ገና አላለቀም። በመካከላችንም «ወንድምን መክሰስ ነውር ነው» የሚሉ አሉ፤ አንወቅሳቸውም፣ ወንድም ማጣት ቀላል አይደለም። የእኛ ሐሳብ ግን ነውሩ የሚጀምረው በልቅሶ መካከል ወረቀት ካመጣው ሰው ነው የሚል ነው። በሐዘን ቤት አትፈርሙ። «አርባው ይውጣና እናየዋለን» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

በሌላ በኩል ዝም ብሎ መክረምም አደጋ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 መብቷንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ያወቀች ወራሽ በ3 ዓመት ውስጥ እንድትጠይቅ ይገድባል። ስለዚህ ከአርባው በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ። አባት በሕይወት እያለ «ወደፊት ከውርሱ አልጠይቅም» ብላችሁ የፈረማችሁት ካለም ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ በሕይወት ባለ ሰው ውርስ ላይ የሚደረግ ውል በሕግ አይጸናም።

ኑዛዜ የምትጽፉ እናቶችም አደራ። አንዲት እናት ስታስታምማቸው ለኖረችው ልጃቸው ቤቱን ተናዘው፣ ጽሑፉን ለሌላ ሰው አስጽፈው፣ ሁለት ጎረቤት ብቻ አስፈርመው ነበርና ኑዛዜው ፈረሰ። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ በእናንተና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ መነበቡና ቀኑ ተጽፎ፣ ሁላችሁም እዚያው ትፈርማላችሁ። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። በቃል ብቻ የተደረገ ኑዛዜ ደግሞ ተናዛዡ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ዋጋ የለውም።

ሙስሊም እህቶቻችን በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ትችላላችሁ። ጉዳዩ እዚያ የሚታየው ሁለቱም ወገን ሲስማማ ነው። በዚያ ሥርዓት ልጆች ካሉ የሚስት ድርሻ ከስምንት አንድ፣ የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ መሆኑን አውቃችሁ ምረጡ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የጋብቻ ወረቀታችሁንና የመሬት ወይም የቤት ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ኮፒ እናደርጋለን፣ ማንበብ ለማይችሉም በማን ስም እንደተጻፈ እናነብላቸዋለን። የጋብቻ ወረቀት የሌላችሁ፣ በሠርጋችሁ የነበሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ካሉ ስማቸውን አስመዝግቡ። ቡናውን ከዚያ በኋላ እናፈላለን።