ከቁጥሩ በፊት መስመሩን እንይ

እንዲህ ባለ ቀን ስኬት ይወራል። እኔ ግን አንድ ስሕተቴን ላጫውታችሁ።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ናቸው። ማሽኑን በደቂቃ 14 ጊዜ እንዲያስተነፍሳቸው አስተካክለነዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስክሪኑ 34 ይላል። «ነቅተው ከማሽኑ ጋር እየታገሉ ነው» አልኩና የማስተኛ መድኃኒት እንዲጨመር አዘዝኩ። 34ቱ አልወረደም፤ የወረደው የደም ግፊታቸው ነው።

አብራኝ የነበረችው ነባር ሲስተር፣ «ዶክተር፣ እስቲ አንገታቸውንና ደረታቸውን እዪ። ትንፋሽ ለመሳብ የሚጥር ሰው ይመስላሉ?» አለችኝ። አይመስሉም ነበር።

ማሽኑ ታካሚው አየር መሳብ መጀመሩን የሚያውቀው በሴንሰር ነው። ፍሰቱ እኛ ካስቀመጥነው ወሰን፣ ለምሳሌ በደቂቃ ከ2 ሊትር፣ ካለፈ «ሳበ» ብሎ ወዲያው አየር ይሰጣል። በስክሪኑ ላይ የሚሮጠውን የፍሰት መስመር ሳየው፣ አየር በሚወጣበት ጊዜ እንደ መጋዝ ጥርስ ይንቀጠቀጣል። ከአፋቸው ጀምረን ቱቦውን በእጃችን ተከተልነው። ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ውኃ ተጠራቅሞ ይናወጣል። ለካ ማሽኑ እንደ ትንፋሽ የቆጠረው ይህንን ነው! ውኃውን ስናፈስሰው መስመሩ ጠራ፤ ቁጥሩም 14 ሆነ። ግፊታቸውን ለመመለስ ግን እስኪነጋ ደከምን።

እንዲህ ያለው ጥፋት ማሽኑን አጥፍተው ቢፈትሹት አይገኝም፤ የሚታየው በሥራ ላይ እያለ ነው። ቴራክ 25 የተባለውን የጨረር ሕክምና ማሽን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ታካሚዎች ከመጠን ያለፈ ጨረር ደርሷቸዋል። ከሶፍትዌሩ ጥፋቶች አንዱ ብቅ የሚለው፣ ሥራውን የለመደ ባለሙያ ያስገባውን ትእዛዝ ቶሎ ብሎ ሲያርም ብቻ ነበር። ቀስ ብሎ ለሚሞክረው ማሽኑ ደህና ነው። ቴክሳስ ውስጥ፣ ታይለር ከተማ፣ የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ያንኑ ፍጥነት እየደጋገሙ ነው ጥፋቱን ያገኙት።

ዛሬ ለተለማማጆቼ የምነግራቸው ይህን ነው። ታካሚው እየወደቀ ከሆነ መጀመሪያ ከማሽኑ ለዩትና በአምቡ ባግ በእጃችሁ አስተንፍሱት። ፋታ ካለ ግን ታካሚውን እዩ፣ ከዚያ መስመሩን፣ ከዚያ ቱቦውን እስከ ሴንሰሩ ተከተሉ። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ጠብቁ። ሁለት ነገር ባንዴ ከነካችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችን ከባዮሜዲካል ባለሙያዎች ጋር ማሽኑ አጠገብ ቆመው፣ ቱቦው ውስጥ ሆን ተብሎ ውኃ ተደርጎ፣ መስመሩ ሲበላሽ በዓይናቸው ይዩት። እኔ የተማርኩት በአንዲት እናት የደም ግፊት ነው። እነሱ በባዶ አልጋ ላይ ይማሩት።