ኧረ ትናንት ነው የቀየርነው!

አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ስትገቡ ከሒሳብ መቀበያው አጠገብ የተቀመጠ የዓሣ ገንዳ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። መብራቱ በርቷል፣ አየሩ ይንቦጫቦጫል፣ ዓሣዎቹ ግን የሉም። አሉ እንኳ፤ አይታዩም እንጂ። ውሃው ጎመን የተቀቀለበት መስሏል። ባለቤቱን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ኧረ ትናንት ነው የቀየርነው!»

አልዋሸም፤ ቀይሮታል። ግን ያ አረንጓዴ እድፍ አይደለም፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው። በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ሲባል የተማርነው አልጌ ነው፤ ክሎሬላን የመሰሉ ባለ አንድ ሕዋስ ዓይነቶች ውሃው ውስጥ ተበትነው ይንሳፈፋሉ። ክሎሬላ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ቢሆን ነው። በፊልተሩ ስፖንጅ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ብርሃንና ምግብ ከተመቸው ደግሞ በአንድ ቀን እጥፍ ሊሆን ይችላል። እስቲ አስሉት፦ ዛሬ ግማሹን ውሃ ደፋችሁ፣ ግማሹ አልጌ አብሮ ሄደ። የቀረው ነገ ማታ ሞልቶ ይጠብቃችኋል።

ሁሉንም ደፍቶ ጠጠሩን በበረኪና የፈተገውማ የባሰ ሠርቷል። ጠጠሩና ስፖንጁ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ናቸው። እነሱ ካለቁ አሞኒያው ይጠራቀማል፤ እሱም ለዓሣ መርዝ፣ ለአልጌ ቀለብ ነው።

ማጥራት ከመጀመራችሁ በፊት ግን ውሃውን በብርጭቆ ቅዱና ነጭ ወረቀት ከኋላው አድርጋችሁ እዩት። ነጣ ብሎ ከደፈረሰ የባክቴሪያ ነው፤ አዲስ ገንዳ ላይ ያጋጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ራሱ ይጠራል። ሻይ ከመሰለ ገንዳው ውስጥ ያስቀመጣችሁት ግንድ ቀለም እየለቀቀ ነው፣ ዓሣውን አይጎዳም። አረንጓዴ ከሆነ ወደ ጉዳያችን እንሂድ።

ወጪ የሌለው መንገድ ጨለማ ነው። መጀመሪያ ግማሹን ውሃ ለውጡ። የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን አለበትና አስቀድማችሁ በባልዲ ክዳን ሳታደርጉበት አንድ ቀን አሳድሩት፤ ወይም ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ተጠቀሙ። ከዚያ መብራቱን አጥፉና ገንዳውን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን። ምግብ አትስጡ፤ ጤነኛ ትልቅ ዓሣ ይህን ያህል ቀን ቢጾም አይሞትም። ልጆች እየመጡ ገለጥ አድርገው እንዳያዩ ንገሯቸው፣ ይህ ከሁሉም ይከብዳል። ተክሎቹ ያከማቹትን እየበሉ ያልፉታል፤ አልጌው ግን ያን ያህል ስንቅ የለውም።

አንድ ነገር አደራ፦ የአየር ፓምፑ አይቁም። በጨለማ ተክሉም፣ አልጌውም፣ ዓሣውም ኦክስጅን ብቻ ይወስዳሉ፣ የሚያመርት የለም። እኛ አገር ደግሞ መብራት ሳይነግር ይሄዳል። ከጠፋ ገልጣችሁ እዩ፤ ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፋፍቱ ከሆነ ውሃውን በጣሳ እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱት። ሲገለጥ ውሃው ጠርቶ ታገኙታላችሁ። የሞተው አልጌ ግን እዚያው ሆኖ ይበሰብሳል፣ አሞኒያም ይለቃል። ስለዚህ ያኔውኑ እንደገና ግማሹን ለውጡ። ስፖንጁንም ከገንዳው በወጣው ውሃ እጠቡት፤ በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል።

ገንዘብ ያለው ዩቪ መብራት ይገዛል። ፓምፑ ውሃውን በተዘጋ ቱቦ ውስጥ፣ መብራቱ አጠገብ ቀስ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ የሚያልፈው አልጌ መራባት ያቆማል። በጥቂት ቀን ውስጥ ገንዳው መስተዋት ይሆናል። ያን መብራት በባዶ ዓይን ማየት ግን ክልክል ነው።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ሦስተኛው መንገድ ነው፤ አረንጓዴን በአረንጓዴ ማጥራት። አሜሪካዊቷ ዲያና ዋልስታድ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ስለ ተክል ገንዳ በሚያወራ መጽሐፋቸው እንዳስረዱት፣ ብዙዎቹ የውሃ ተክሎች ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን ይመርጣሉ። የአልጌውን ቀለብ ከአፉ ይነጥቁታል ማለት ነው። ለዚህ ግን በወር አንድ ቅጠል የምታወጣዋ ያማረች ተክል አትበቃም። በፍጥነት የሚያድግ ያስፈልጋል፦ ሴራቶፊለም የሚባለው፣ ሥር የሌለው፣ ጭራ የመሰለው ተክል አንዱ ነው። ከላይ የሚንሳፈፉትም ጥላ ስለሚያጠሉ ሁለት ሥራ ይሠራሉ። እንዲህ ስል እምቦጭ ያሰበ አድማጭ ይኖራል። ልክ ነው፣ ንጥረ ነገር በመምጠጥ የሚያህለው ጥቂት ነው። ግን እባካችሁ ጣና ላይ ያደረገው ይበቃል፤ ከቦታ ቦታ አትውሰዱት።

ቀንድ አውጣ ብናስገባስ የሚሉም አሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ስለ ሙከራው ሲጽፍ ከዓሣና ከተክል ጋር ቀንድ አውጣ ጨምሮ የበሰበሰውን ቅጠልና አረንጓዴ ልጋጉን እንዳስጸዳ ገልጿል። መስተዋት ላይ የተለጠፈውን ትልሳለች፣ እውነት ነው። የሚንሳፈፈውን ግን በምን ትያዘው?

ከጠራ በኋላ እንዳይመለስ፣ ገንዳው ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ይራቅ። መብራቱ መጀመሪያ ላይ በቀን ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፣ በኋላ ወደ ስምንት ከፍ ማድረግ ይቻላል። ማታ እንግዳ ስላለ ገንዳው እስከ እኩለ ሌሊት እንዲያበራ የሚያደርጉ ቤቶች አልጌውን ነው የሚጋብዙት። ምግቡም ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱት ያህል ብቻ ይሁን፤ ታች የወረደው ተመልሶ አሞኒያ ነው።

ሁሉም ሰው ይህን ውሃ አይጠላውም። ቆሮሶ የሚያረቡ ገበሬዎች ኩሬያቸው እንዲያረንጉድ ፍግ ይጨምሩበታል፤ ቆሮሶ አልጌ ይበላልና። ትንንሽ ዓሣ የምታሳድጉ ከሆነ እናንተም ከምትደፉት ላይ አንድ ባልዲ አስቀሩና ዳፍኒያ የምትባለዋን ደቃቅ የውሃ ቁንጫ ልቀቁበት፤ ገንዳው ውስጥ ከሆነ ዓሣዎቹ ቀድመው ይበሏታል። ባልዲው ውስጥ ግን አልጌውን እያጣራች ትበላለች፣ ትበዛለች። ውሃው ሲጠራ ዳፍኒያዋን በወንፊት አጥልላችሁ ለዓሣዎቹ ስጧቸው።