የአየር ማቀዝቀዣችንና በውስጡ ያለው ጋዝ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሐሩር በገባ ቍጥር በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ዐይነት ቃል ይሰማል። «ማቀዝቀዣው ጋዝ ጨርሷልና ሰው ተጠርቶ ይሙላልን» ይባላል፤ ደብዳቤ ይጻፋል፥ ገንዘብ ይፈቀዳል፥ ጋዙም ይሞላል። በሚመጣው ዓመት ያው ደብዳቤ ቀኑ ብቻ ተለውጦ እንደገና ይጻፋል። ይህ ልማድ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው፤ አልፎ ተርፎም የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን ወይም እንደ ፋኖስ ላምባ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተደፈነ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲዞር የሚኖር ስለ ሆነ፥ ቱቦው እስካልተበሳ ድረስ መሣሪያው እስኪያረጅ መጠኑ አይቀንስም። ጐደለ ከተባለ እንግዲህ አንድ ስፍራ ሾልኳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መጨመር በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ከዚህ በፊት የምናውቃቸውን ሁለት ነገሮች እናስታውስ። ሐኪም መርፌ ከመውጋቱ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ሲያብሰው ይቀዘቅዘናል፤ አልኮሉ ወደ ተን ሲለወጥ የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቆዳችን ስለሚወስድ ነው። ሁለተኛው የባቡሩን መንገድ ለተጓዘ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ውሃ በጅቡቲ ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በድሬዳዋ በ96 ዲግሪ ገደማ፥ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። ሽቅብ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው፤ በደጋ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በግፊቱ ላይ ያዘዘ ሰው ፈሳሹ በሚፈላበት ሙቀት ላይ ያዛል።

ማቀዝቀዣውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በክፍሉ ውስጥ ባለው ወገን ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ፈሳሹ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ይፈላና የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል። ኮምፕሬሰሩ ተኑን ጨምቆ ወደ ውጭው ወገን ይሰደዋል፤ በዚያም ከድሬዳዋ አየር እንኳ ይበልጥ ስለሚግል ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። መሣሪያው ሙቀትን ከቤት ወደ ደጅ የሚያወጣ ተሸካሚ ነውና በውጭ ያለውን ክፍል በካርቶንና በአሮጌ ወንበር ከከበብነው ሸክሙን የሚያራግፍበት ያጣል።

ባቡር ድሬዳዋ በደረሰበት ዓመት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902፥ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በብሩክሊን ለነበረ አንድ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ነደፈ። (የተጨነቁት ለሠራተኛው ላብ ሳይሆን በእርጥበት ለሚበላሸው ወረቀት ነበር።) በዚያ ዘመን ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩባቸው እንደ አሞኒያ ያሉ ጋዞች መርዛሞች ነበሩ። በ1928 ሚጅሊና ባልደረቦቹ ፍሪዮን የተባለውን የጋዝ ወገን አገኙ፤ ሰውን የማይመርዝ፥ በእሳትም የማይነድድ በመሆኑ ዓለም ደስ አለው። በ1974 ግን ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት እነዚህ ጋዞች ወደ ላይ ወጥተው ከፀሐይ ጐጂ ጨረር የሚከላከለንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበሉ አስረዱ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት።

ዛሬ በየቢሮው የሚገኙት ጋዞች በዋናው ሦስት ናቸው። አሮጌው አር 22 ኦዞንን የሚጐዳ በመሆኑ በስምምነቱ መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ነው። አር 410ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን ግፊቱ ከአር 22 አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፥ አየር ላይ ሲለቀቅም ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 እጥፍ ገደማ ይከፋል። አዲሱ አር 32 በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ሆኖም በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው። አንዱን በሌላው መሣሪያ መሙላት፥ ይልቁንም በአሮጌው ማሽን የምድጃ ጋዝ መጨመር፥ በግድግዳ ላይ ቦምብ እንደ መስቀል ነው። የጋዙ ዐይነትና ክብደት በመሣሪያው ጐን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን ኦክስጅን ነው። ናይትሮጅን ባልተገኘ ጊዜ የሚያፈስበትን ስፍራ ለመፈለግ ከበያጅ ኦክስጅን ተውሶ ቱቦውን መንፋት የሚቃጣው ሰው አይጠፋም። በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ዘይት አለ፤ ዘይትና ኦክስጅን በግፊት ሲገናኙ ይፈነዳሉ፥ የሚሞተውም መሰላል ላይ ያለው ሠራተኛ ነው። ጋዝ ባለበት ቱቦ ላይ ነበልባል ማስጠጋትም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ጋዙ እሳት ሲነካው ወደ መርዝ ይለወጣል። ከአየር ስለሚከብድም በተዘጋ ክፍል ቢለቀቅ ከወለሉ ጀምሮ አየሩን ገፍቶ ሰውን ያፍናል።

ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማጣሪያውን ማጽዳት ነው። ከከዚራ ዛፎች ጥላ ጀምሮ እስከ ዋሂል ገጠር አቧራ የማይደርስበት ቤት የለምና በሐሩሩ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ቢታጠብ ይበጃል። በመጀመሪያ መሣሪያውን በሪሞት ብቻ ሳይሆን ከብሬከሩ አጥፉ፤ ማጣሪያውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ በጥላ አድርቃችሁ መልሱት። ጋዝ አለቀ የተባለለት ብዙ መሣሪያ የታፈነው በአቧራ ነው። የውጭውን ክዳን ግን አትክፈቱ፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና ይመታል።

ለግዥ የምትፈርሙ ሹማምንትም ከእንግዲህ «ጋዝ ይሞላ» ብላችሁ አትጻፉ። የሚያፈስበት ስፍራ ተፈልጎ ይደፈን፤ በግፊት መቈጣጠሪያ በሚለቀቅ ናይትሮጅን ይፈተሽ፤ በቱቦው የገባው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይሳብ፤ ከዚያም በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጋዝ በሚዛን ተለክቶ ይግባ ተብሎ ይጻፍ። ዋጋው ከፍ ይላል፥ ሥራውም ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ ባለሙያው ፓምፑን አስነሥቶ ሲጠብቅ ብታዩት ሥራ ፈቷል ብላችሁ አታስቸኵሉት።